ሻንጣዬን አልሰጥም ብዬ ባህሩ ተዘጋብን

ዓመቱ በኛ አቆጣጠር 2013 ነው። ዕድሜዬ ስልሳ ሦስት። ጉዴን ልንገራችሁና እንደፈለጋችሁ ሳቁብኝ።

ባለቤቴ አስካለ፣ በተሰደድንበት አገር ቶኮዛ በሚባል ሰፈር ባለው ሱቃችን ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ስትሸጥ ባህር አይታ አታውቅም። አንድ ቀን "ሳልሞት አሳየኝ" አለች።

በኮሮና ቱሪስት ሲጠፋ አንድ ድርጅት የብስክሌት ሽርሽር በግማሽ ዋጋ ለቀቀ። ልጃችን ያዘችልን። አራት ቀን በሸንኮራ እርሻ መሃል፣ መጨረሻው ባህር። መሪ የለም። ብስክሌትና ካርታ ሰጥተው "በሉ ሂዱ" ነው። ፈረንጅ ለመጥፋትም ይከፍላል!

ሻንጣ ግን እነሱ በመኪና ማደሪያችን ያደርሳሉ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ዱርንፎንቴን ከሚባለው የጅምላ ገበያ ዕቃ ጭነህ ሹፌሩን ብቻውን ከለቀቅከው፣ ዕቃህን እርሳው። ሁሌም ጭነቱ ላይ ተቀምጬ ነው የምሄደው። እናም "ለማላውቀው ሰው ሻንጣ አልሰጥም" አልኩ።

"ያንተን የውስጥ ሱሪ ማን ይሰርቃል?" አለች አስካለ።

እናንተ ብትሆኑ ትሰጡ ነበር?

እሷ የራሷን ሰጠች። ሞተር ያለው ብስክሌትም ወሰደች። እኔ "ሞተር ለሰነፍ ነው" ብዬ ተራውን መረጥኩ። ሻንጣዬን ከኋላ በገመድ ጠፈርኩት። በሶ፣ ፔርሙዝ፣ የሱቁ ላይሰንስ ሳይቀር አለበት። ሽርሽር ላይ ላይሰንስ ምን ይሠራል? አትጠይቁኝ።

ሦስት ቀን እንደምንም ዘለቅሁ። በአራተኛው ጠዋት ያሳደረችን ሴትዮ ማስኳን ዝቅ አድርጋ "በኮሮና ምክንያት የባህሩ ዳርቻ ዛሬ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከነገ ጀምሮ ማንም አይገባም" አለችን።

"ሻንጣውን ስጥ፣ በሞቴ" አለች አስካለ።

"አልሰጥም።"

ዳገቱ ላይ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ለጠፍኩት። ደግሞ ፈነዳ። ከዚያ ሻንጣውን አውርጄ ብስክሌቱን ወደ ላይ መግፋት፣ ተመልሼ ሻንጣውን መሸከም። አንዱን ዳገት ሦስት ጊዜ ሄድኩት።

አስካለ አናቱ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

"አንቺ ቅደሚ፣ ሰዓቱ ሄደ" አልኳት።

"ብቻዬን አይቼ ከማን ጋር ላወራው?"

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን። ቢጫ ሪባን ተወጥሯል። ባህሩ ከማዶ ይጮሃል። አስካለ እጇን ሪባኑ ላይ አሳርፋ ቆመች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የእሷ ሻንጣ ማደሪያችን በር ላይ ንክች ሳይል ቆሟል። የእኔ እጀታው ተገንጥሏል።

በነጋታው ማለዳ ከማደሪያው ባልዲ ተዋስኩና አስካለን ይዤ ሪባኑን ወደሚጠብቀው ዘበኛ ሄድኩ።

"ሳውቦና" ብዬ በቋንቋቸው ሰላም ሰጠሁና "ወንድሜ፣ ባለቤቴ ባህር ነክታ አታውቅም። ትናንት ያስረፈድኳት እኔ ነኝ" አልኩት።

አየኝ። እሷንም አየ።

"ባባ፣ አንተ እዚያው ቁም" አለና ባልዲውን ተቀብሎኝ ወደ ውሃው ወርዶ ሞልቶ አመጣልኝ።

አስካለን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበርክኬ እግሯን አጠብኩ። ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

"ጨው በዝቶበታል" አለችኝ።

አልተከራከርኳትም።