ለትል የተደገሰ ሰርግ

ቢራቢሮ የማይወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተም ብትሆኑ አንዷ ትከሻችሁ ላይ ብታርፍ እንደ ሹመት ነው የምትቆጥሩት። ትል ሲሆን ግን ሁላችንም ጫማ እናነሳለን። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በሰላም ተለያይቼ፣ ቢራቢሮ ክንፏን ይዛ የምትወለድ ነበር የሚመስለኝ። ስንቷን ገና ትል ሳለች እንደረገጥኩ እግዜር ይቁጠረው።

ዓይኔን የገለጠችልኝ የእህቴ ልጅ ትዕግስት ናት። እዚሁ ቦንጋ ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ ከእኔው ጋር ነው የምትኖረው። ሁለት ክረምት ሙሉ ከጫካ፣ ከወንዝ ዳር እንሶስላ እያመጣች አጥራችን ሥር ተከለች። ነጭ አበባው ፈካ፣ እሰየው። ቀጥሎ ግን ሰው ጎመን በሚያበቅልበት ሰፈር እኔ ቤት ትል በቀለ! ጣት የሚያህል፣ ቀንዱ ጭራው ላይ የወጣ።

«ቀንድ ካለው ይታለባል ወይስ ይታረዳል?» እላታለሁ።

«አጎቴ፣ ተወኝ! አፈር ገብተው ነው ቢራቢሮ የሚሆኑት። አርብ ተማሪዎቼን አመጣለሁ፤ እስከዚያ አፈሩን ማንም እንዳይነካብኝ፣ አደራ!»

አደራ አለች። ከዚያ በኋላ ቀልድ የለም።

ሐሙስ ጠዋት እሷ ትምህርት ቤት እንደሄደች የሰፈሩ ጽዳት ዘመቻ ተነሳ። ጎረምሶቹ ማጭድና ገጀራ ይዘው ከላይ ጀምረው መንገድ ዳር የበቀለውን ሁሉ እየላጩ ይወርዳሉ። ሦስት ቤት ቀራቸው። ሁለት ቀራቸው። በሩ ላይ ቆሜ ላቤ ይወርዳል። ትል ነው ብላቸው ይስቁብኛል፤ ቢራቢሮ ነው ብላቸው በጠዋቱ ጠጥቷል ይሉኛል።

«ጋሽዬ፣ ዞር ይበሉ፣ ይሄን አረም እናንሳልዎት!» አለ አንዱ፣ ማጭዱን እያወዛወዘ።

«እጅህን ሰብስብ!» አልኩት። «የሙሽራ እንሶስላ ነው! ትዕግስትን ልድር ነው!»

የሙሽራ እጅና እግር የሚያቀላ ሥር ላይ ማን ደፍሮ ማጭድ ያነሳል? «እንኳን ደስ ያለዎት!» ብለው አለፉ። ደረቴን ነፋሁ። ስድስተኛ ክፍል ማለት እንዲህ ነው!

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምሳ ሳይደርስ እልልታ ሰማሁ። የሰፈራችንን ሙሽራ ሁሉ እጅ የሚያቀሉት እትዬ በላይነሽ፣ አምስት ሴቶች አስከትለው መቆፈሪያ ይዘው መጡ። ማጭዱስ ቅጠል ነበር የሚቆርጠው፤ እሳቸው የመጡት ለሥሩ ነው። ትሎቹ ደግሞ አፈር ከገቡ ቀናት ሆኗቸዋል።

«ሙሽራው የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«የዋጫ ከተማ ልጅ ነው።»

«ዋጫ የማን?»

እሳቸው ተወልደው ያደጉት ዋጫ መሆኑን ረስቼ! ጊዜ አላጠፉም፣ መቆፈሪያውን አነሱ።

«አይቆፍሩ! ሰርግ የለም!» ብዬ ጮኽኩ። አፈሩ ላይ ልቀመጥበት ስል ትሎቹ ትዝ አሉኝና እንደ ዶሮ ቁጢጥ እንዳልኩ ቀረሁ። እንደዚያው ሆኜ ትሉንም፣ አርብንም፣ አደራውንም ተናዘዝኩ።

እልልታው ጸጥ አለ።

«ለትል ብለህ ልጅቷን ዳርካት?» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ነገ ሰርጉ ቀረ ሲባል የምትታማው እሷ እንጂ አንተ መሰለህ? ምን ተገኘባት ነው የሚሉት!»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

«ምን ይሻላል፣ እትዬ?»

«የሚሳቀው በእሷ ሳይሆን በአንተ እንዲሆን፣ ሙሽራው አንተ እንደነበርክ ሰፈሩ በዓይኑ ይየው። እጅህን አምጣ!»

ዳር ላይ ያለችውን አንዷን እንሶስላ ብቻ፣ አፈሩን በጣታቸው እየዳበሱ ነቀሉ። ትል አልነበረባትም። ሥሯን ወቅጠው ሁለት እጄ ላይ ለጠፉና በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው አሰሩኝ። ሴቶቹ እልልታቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ዝንብ እንኳ ማባረር አቅቶኝ ተቀመጥኩ።

ትዕግስት ስትመለስ መጀመሪያ አፈሩን አየች። ከዚያ እኔን።

«አጎቴ፣ ማንን ልታገባ ነው?»

አርብ ተማሪዎቹ አፈሩን ከበው ቢጠብቁ አንዲት ቢራቢሮ አልወጣችም። ተመልካች ግን ባዶውን አይመለስም፣ እጄን ተራ ይዘው አዩ። ቢራቢሮዎቹ በሳምንቱ ወጥተው በረሩ።

የእኔ ቀለም ግን አሁንም አልለቀቀም። ባጃጅ ሳስቆም ሾፌሩ እጄን አይቶ «ወዴት ነው ሙሽራው?» ይለኛል።

«ዋጫ» እለዋለሁ።