ለከንቲባው የወረደው ድንበር

ድንበርን በአክብሮት የሚይዝ ሕዝብ ቢፈለግ ከእኛ ከፒሬኔ ተራራ ሰዎች የሚቀድም አይገኝም። ከፈረንሳይ ወገን የእኛ ከንቲባ፣ ከስፔን ወገን የእነሱ ከንቲባ በየበጋው ተራራው ጫፍ ላይ ወጥተው በወሰን ድንጋዩ ላይ እጃቸውን ይጭናሉ፤ «በቦታው አለ» ብለው በአንድ ድምፅ ይመሰክራሉ፤ ከዚያም ወርደው ምሳ ይበላሉ። አያቶቻችን በግጦሽ መሬት ደም መፋሰስ የተዉት በዚህ ሥርዓት ነው።

ኤራሙን የተባሉት ክቡር ከንቲባችን ግን ሥርዓቱ አንድ ጉድለት እንዳለው በጥልቀት ተገነዘቡ፤ ምሳው ያለው ታች፣ ድንጋዩ ያለው ላይ ነው። ምሳውን ወደ ላይ መውሰድ ደግሞ ሾርባውን ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ጉዳዩን በታሪክና በጂኦግራፊ ረገድ እንዲያጠኑ ፕሮፌሰር ዱካሱ ተመደቡ። ፕሮፌሰሩ ከመንደራችን ራስጌ ካለው ምግብ ቤት በረንዳ ሳይነሱ ባካሄዱት የመስክ ጥናት፣ የጥንት ሰዎች አስተዋዮች ስለነበሩ ድንጋይ ተሸክመው ያን ሁሉ ዳገት ሊወጡ እንደማይችሉ አረጋገጡ። ድንጋዩ ከጥንትም ቦታው ምግብ ቤቱ በር ላይ ነበር። ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ፤ ድንጋዩ በበቅሎ ወረደ። ሁለቱ ከንቲባዎች ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን ጫኑበት። «በቦታው አለ።» የስፔኑ ከንቲባ ፌርሚን እንዲያውም ደግመው መሰከሩ።

በሳምንቱ የስፔን ድንበር ጠባቂዎች ከምግብ ቤቱ በላይ ባለው መስክ ሲግጡ ያገኟቸውን የግራሲን በጎች ነድተው ወሰዱ። ግራሲ ባሏ የሞተባት፣ ከበጎቿ በሚገኘው አይብ የምትተዳደር ሴት ናት። ከንቲባውን ምሳ ላይ አገኘቻቸው።

«በጎቼን ወሰዱብኝ።»

«ባዕድ አገር ምን ሊሠሩ ሄዱ?»

«እነሱ የትም አልሄዱም። የሄደው ድንጋዩ ነው።»

«ግራሲዬ፣ ድንጋይ አይሄድም። ይሄ እኮ የጂኦግራፊ ሀሁ ነው።»

«እሺ፣ እንደሄደው ይመለስልኝ።»

«በቦታው አለ ብዬ በአደባባይ መስክሬ? ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

«ታዲያ አይብ የማወጣው ከምንድን ነው? ከድንጋዩ?»

«ለአገር ሲባል ትንሽ መቸገር ያለ ነው» አሉ ከንቲባው አፋቸውን እየጠረጉ።

ግራሲ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ድምጿን አለሳልሳ፣ «ክቡር ከንቲባ፣ እዚህ በር ላይ ፀሐዩ አያቃጥልዎትም? ድልድዩ ጋ ያለው ትልቁ ዛፍ እኮ ጥላ ነው። መኪናዎም እስከ ሥሩ ይደርሳል» አለች።

የከንቲባው ፊት ፈካ። «አየሽ፣ አሁን ጂኦግራፊ ገባሽ።»

ፕሮፌሰሩ ጥናታቸውን ከልሰው የጥንት ሰዎች ጥላ ይወዱ እንደነበር አረጋገጡ፤ ድንጋዩም እንደገና በሙሉ ድምፅ ወደ ድልድዩ ወረደ። ከድልድዩ በላይ የግራሲና የከንቲባው ቤቶች ጎን ለጎን አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ያለው ከድልድዩ በታች ነው።

በማግስቱ ግራሲ ድንበር ጠባቂዎቹ ዘንድ ሄደች። በስፔን ምድር የምትኖር ሴት በስፔን መስክ በጎች እንዳታሰማራ የሚከለክል ሕግ ስላልተገኘ በጎቿን አስረከቧት። ኤራሙን ደግሞ ወደ ሥራ ሲሄዱ ምክትላቸው ቤኛት ድልድዩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቢሮዬ ነዋ። ምን ሆነሃል?»

«ከአገር ውጭ የሚኖር ሰው ከንቲባ መሆን አይችልም፤ ሕግ ነው። ወንበሩን እኔ በአደራ ይዤዋለሁ።»

«ትናንት እኮ ከንቲባ ነበርኩ።»

ፕሮፌሰር ዱካሱ ከቤኛት ጀርባ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱንም አጥንቼዋለሁ» አሉ በሐዘኔታ። «ከጥንትም አልነበሩም።»