«እሳት ይተንፍስ» ባይዋ እትዬ ባንችይርጋ

እውነቱን ለመናገር እትዬ ባንችይርጋን በደንብ አላውቃቸውም። ላሊበላ ላይ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል፤ እሳቸው ስለ ራሳቸው አይናገሩም፣ እኔ ደግሞ ሰው መጠየቅ አይሆንልኝም። ስለዚህ የምጽፈው ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለ እሳታቸው ነው። ይቅርታ፣ ስለ ሌላው ሰው ሁሉ እሳት።

በየመንደሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የሰው ምድጃ አይቶ ማለፍ የማይችል። ሰላምታውን ሳይጨርስ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጉማጅ ይስባል፣ ሌላውን ያጋድማል፣ እፍ ይላል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ባለቤቱን እንደ ጥፋተኛ ያያል። ለእኛ መንደር የደረሱት እትዬ ባንችይርጋ ነበሩ፤ የላስታ ምድጃዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ ያለ ሹመት፣ ያለ ደመወዝ።

«አንቃችሁታል!» ይላሉ መጀመሪያ። ቀጥለው፣ «እሳት ይተንፍስ!»

ለሌላው ሰው ይህ ቀልድ ነው። ለእኔ አልነበረም። ድሬሰር ታፈረ ደረቴን አዳምጦ፣ «አንድ ብርድ ከደገመህ እኔን አትጠብቅ፣ ቄስ ጥራ» ብሎኝ ነበር። ሙቅ ክፍል ሕይወቴ ሆነ። እትዬ ግን እሳቴን ሊጎበኙ በመጡ ቁጥር በሬን ወለል አድርገው ይከፍቱታል። እዘጋለሁ፣ ይከፍታሉ። መከራከሩም ደከመኝ።

የጎረቤታችን የሙሉዬ አባት የሞቱ ጊዜ፣ ለቀስተኛው ደረቱን ሲመታ እሳቸው ድንኳኑን አልፈው ጓሮ ገቡ። ንፍሮ ከሚቀቀልበት ጉልቻ ሥር ሦስት ግንድ ጎትተው አወጡ።

«እትዬ፣ ዛሬን እንኳ ቢተዉት?» አለች ሙሉዬ ዕንባዋን እየጠረገች።

«አባትሽን ቀብረን መጣን። እሳቱ ምን ሠርቶ ነው በቁሙ የምትቀብሩት?»

ንፍሮው ግን ቶሎ በሰለ።

በቀበሌ ስብሰባም ካድሬው ሁለተኛ ሰዓቱን ሲይዝ ተነሥተው ጥበቃው ወዳነደደው እሳት ሄዱ። «ጓድ ባንችይርጋ፣ ይቀመጡ!» ቢላቸው፣ «ጓድ እሳት ታፍኗል፤ እሱ ይተንፍስና እቀመጣለሁ» አሉ። ማንም አልሳቀም። የሳቅነው ሁላችንም በየቤታችን ገብተን፣ በር ዘግተን ነው።

እኔን በሰው ፊት ያዋረዱኝ በመሠረተ ትምህርት ክፍል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል ተብዬ ጎልማሶች አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስለ ማገዶ የሚል ምንባብ አነበብኩላቸው፤ «ሙቀት በእንጨት ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል።»

«ውሸት ነው» አሉ ከኋላ።

«መጽሐፉ እኮ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«መጽሐፉ እንጨት ለቅሞ ያውቃል? ሙቀቱ ከእንጨቱ ብቻ ከሆነ፣ ከሰል አክሳዩ አፈር ሲያለብሰው ለምን ነዶ አያልቅም? ነፋሱን ስለከለከለው ነዋ! ሙቀት የሙሽራዋም አይደለም፣ የሙሽራውም አይደለም። እንጨትና ነፋስ ሲጋቡ ነው የሚመጣ።»

«ክብሪቱስ?» አልኩ፣ የያዝኳቸው መስሎኝ።

«ክብሪቱማ ሽማግሌው ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ከየቤታቸው ማላቀቅ አለበት። ማላቀቅ ያደክማል እንጂ አያሞቅም። ከተጋቡ በኋላ ነው ድካሙ በእጥፍ የሚመለሰው።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ በእኔ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያንኑ ነገር፣ ያለ ሙሽራና ያለ ሽማግሌ፣ ተጽፎ አገኘሁት። ብቻዬን ቁጭ ብዬ እንደገና አፈርኩ።

በ1973 ሐምሌ ከአሸተን ማርያም ተራራ የሚወርደው ጉም ግቢያችን ውስጥ ውሎ ያድር ጀመር። ሳሌ ባሰብኝ። የሣር ቤት በክዳኑ ይተነፍሳል፤ እኔ የምኖረው ግን ቆርቆሮ በለበሰ የቀበሌ ቤት ነው። የመስኮቱንና የግድግዳውን ክፍተት ሁሉ በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩት። ቤቴ ከላይ እስከ ታች መፈክር ሆነ፤ ብርድ ቀርቶ ዝንብ አያስገባም። እሑድ ከቀትር በኋላ ማንደጃውን በከሰል ሞልቼ አስገባሁና በሩን ቀረቀርኩ።

ተንኳኳ።

«አንተ መምህር! ከሰል ይሸተኛል። ክፈት!»

በዕድሜዬ ለሰው እምቢ ብዬ አላውቅም። ያን ቀን አልከፈትኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ራሴን ይወቅረኝ ነበር፣ እግሬም የሌላ ሰው እግር መስሎኝ ነበር፤ ሙቀቱ ግን እንዴት ያለ ሙቀት መሰላችሁ!

ቀጥሎ የማስታውሰው እንጨት ሲሰነጠቅ ነው። መቀርቀሪያዬን በመፍለጫቸው ገንጥለው ገብተዋል። በብብቴ ይዘው እየጎተቱ ጭቃው ላይ፣ ዝናቡ ላይ ጣሉኝ።

«ተንፍስ!» አሉኝ። እሳት አላሉም። «ተንፍስ፣ ልጄ! ተንፍስ!»

ተነፈስኩ። አስመለሰኝ። ቀና ስል ማንደጃውን አውጥተው ግቢው መሃል ደፍተውታል፤ ከሰሉ በዝናብ ሲንጫጫ ቆመው ያያሉ።

ዝናብ ላይ ተኝቼም ደረቴን ብርድ አልመታኝም። ታፈረ እስከ ዛሬ ምክንያቱን አላገኘም። እኔም ከዚያ ወዲህ መስኮቴን ገርበብ ሳላደርግ እሳት አንድጄ አላውቅም፤ እየበረደኝም ቢሆን።

በሳምንቱ መጡ። እንደ ልማዳቸው ምድጃዬ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ጉማጆቹን አራራቁ። እሳቱ ያለ ጭስ፣ ጥርት ብሎ ነደደ።

«ነፋስ ካነሰው ጋብቻው ጎደሎ ነው» አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ጎደሎው የሚወልደው ነገር አይታይ፣ አይሸት። ሰው ሙቀት መስሎት ይተኛል።»

ያኔ እኔ፣ ሰው መጠየቅ የማይሆንልኝ፣ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ለማን ነው ሳይደርሱለት የቀሩት?»

ያልነደደ ጉማጅ አነሡ። አገላብጠው አዩት። መልሰው አስቀመጡት።

«እንጨትህ ያጨሳል» አሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።