ዳኛ ያላስቆመው ግጥሚያ

የድሮ ዘመንን የሚያመልክ ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለኝ፤ ሸጎሌ ሰፈር አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ጋሽ በቀለ፣ የቀድሞ ቦክሰኛ። እሁድ እነሱ ቤት የከባድ ሚዛን ግጥሚያ ስናይ አንደኛው ተጋጣሚ ተንገዳገደና ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ።

«የዛሬ ሻምፒዮኖች ሙሽሮች ናቸው» አሉ ጋሽ በቀለ። «የድሮዎቹ ዓይናቸው ተደፍኖም አስራ አምስት ዙር ይጨርሱ ነበር።»

የድሮውን ቡጢ ሊያሳዩን እጃቸውን ሲሰነዝሩ የሻይ ብርጭቆው ወለል ላይ ተዘረረ። እስከ አስር ቆጠርንለት፤ አልተነሳም። ሁላችንም ሳቅን።

እሳቸው ግን የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸሸጉ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ስብርባሪውን ጠርገው፣ እንደ ሁልጊዜው ምሳቸውን ያጎርሷቸው ጀመር። እኔ ሞኟ ይህን ሁሉ ዓመት ፍቅር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ያኔ ላንተም ግጥሚያውን ቶሎ የሚያስቆም ዳኛ ቢኖርህ ኖሮ» አሉ እትዬ አልማዝ ቀስ ብለው፣ «ዛሬ አንተም ታጎርሰኝ ነበር።»