ሚስተር ደብልዩ ዝም ያለበት ምክንያት

(ሊድስ፣ እንግሊዝ፣ እ.ኤ.አ. 1980። የተዘጋ የሱፍ ፋብሪካ ላይኛው ፎቅ፤ ከሰዓት በኋላ። ኔቪል ዘፋኝ ነው፤ ባሪ ከበሮ መቺ።)

ኔቪል፦ አትቁጠር አልኩህ!

ባሪ፦ እስከ አራት ብቻ እኮ ነው።

ኔቪል፦ አንድም አይባልም። ዘፈኑ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ስላለ ሰው ነው። የዝምተኛ ሰው ዘፈን በወሬ አይጀመርም።

ባሪ፦ ቁጥር ወሬ ነው እንዴ?

ኔቪል፦ ከአፍ ከወጣ ወሬ ነው።

ባሪ፦ ታዲያ መቼ እንደምንጀምር በምን እናውቃለን?

ኔቪል፦ ከውስጥህ ይሰማሃል።

ባሪ፦ ትናንትም ከውስጥ ነበር የጀመርነው። አንተ ጨርሰህ ስትቀመጥ እኔ ገና መሃል ላይ ነበርኩ።

ኔቪል፦ (ድምፅ ማጉያው ላይ የቀዘቀዘ ሻዩን አንስቶ) ስማ፣ ባሪ። ነገ ጠዋት ሬዲዮ ጣቢያ ነን። የሚቀርጹን አንዴ ነው። አሁንም ከቆጠርክ በአንተ ቦታ የከበሮ ማሽን አመጣለሁ። ማሽን ዝም ብሎ ይመታል።

ባሪ፦ ማሽን መኪና ይነዳልሃል?

ኔቪል፦ አውቶቡስ አለ።

ባሪ፦ (ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አኑሮ) ኔቭ፣ እኔ እኮ ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ኔቪል፦ እንግዲያው ሰውየውን ተረዳው። ሚስተር ደብልዩ...

ባሪ፦ ደብልዩ ማን?

ኔቪል፦ ደብልዩ ብቻ፣ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል። ታሪኩን ያነበብኩት የሐኪም መጽሐፍ ላይ ነው፤ የሥነ ልቦና ሐኪሞች የታማሚን ስም ሙሉውን አይጽፉም።

ባሪ፦ ቀለም ለመቆጠብ?

ኔቪል፦ ምስጢር ለመጠበቅ!

ባሪ፦ አንተ ዘፈን አወጣህበት እንጂ።

ኔቪል፦ (እንዳልሰማ ሆኖ) አሥራ አንድ ዓመት! ጠየቁት፣ ለመኑት፣ ወይ ፍንክች። ምክንያቱን ማንም አያውቅም። አዝማቹም ይኸው ነው፤ «ማንም አያውቅም፣ ማንም አያውቅም»።

ባሪ፦ እኔ የምልህ፣ ምክንያቱ...

ኔቪል፦ አታቋርጠኝ! መጽሐፉም እዚያው ላይ ያበቃል። የመጨረሻው ገጽ ተቀዷል። ይገባሃል? ገጹ ሳይቀር ዝም አለ!

ባሪ፦ ዝም አላለም። እዚህ አለ።

ኔቪል፦ የት?

ባሪ፦ ትንሿ ከበሮ ላይ። «ትጮሃለች፣ የሆነ ነገር ለጥፍባት» አልከኝ። እጄ ላይ የነበረው ያንተ መጽሐፍ ነው።

(ኔቪል ይጠጋል። ገጹ በፕላስተር ከበሮዋ ላይ ተለጥፏል። ዱላ ቢያጎሳቁለውም ይነበባል።)

ኔቪል፦ (እያነበበ) «በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ አብሮት ይኖር የነበረው ወንድሙ በተቀበረ ማግሥት፣ ታማሚው ተናገረ። ለምን ዝም ብሎ እንደቆየ ሲጠየቅ፣ ‹ወንድሜ ወሬውን እስኪጨርስ እየጠበቅሁ ነበር› ሲል መለሰ።»

(ገጹን ዳግመኛ ከላይ ጀምሮ በጣቱ ይከተላል።)

ኔቪል፦ ይህን... ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?

ባሪ፦ ከየካቲት። በየልምምዱ ፊቴ ነው።

ኔቪል፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ባሪ፦ ስትጨርስ ልነግርህ ነበር።

(ኔቪል አፉን ይከፍታል። ምንም አይወጣም። መልሶ ይዘጋዋል።)

ባሪ፦ እንደሱ። ነገም ልክ እንደሱ። (ዱላዎቹን እያነሳ) አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።