ስለ ቆርቆሮ ሮክ ባንድ መፍረስ

መስፍኔ፣ ስብሰባው ላይ ስላልተገኘህ የተባለውን እንዳለ ጽፌልሃለሁ። አንተ የተሰደብክበትንም አላስቀረሁም።

ቀን፦ አርባህ በወጣ ማግስት፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ቦታ፦ መርካቶ፣ የእድራችን ዕቃ ቤት፣ በድንኳኑና በድስቶቹ መሃል
የተገኙ፦ ኻሊድ (ከምናለሽ ተራ በለቀመው ቆርቆሮ የሠራው ከበሮ መቺ)፣ ስንታየሁ (ቤዝና ድምፅ)፣ ጋሼ አስናቀው (የእድሩ ዳኛና ባለቁልፍ፣ በታዛቢነት)፣ እኔ ታናሽህ (ጸሐፊ)

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ ሦስቱም ተጫዋቾች እንዲገኙ ያዛል። ኻሊድ፣ "ያ ዝርክርክ መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል? አርፍዷል ብለህ ጻፍ" ስላለ አርፍዷል ተብለህ ተመዘገብክ፤ ጉባኤውም ሞላ።

አጀንዳ 1፦ የሥራ ሪፖርት
ስንታየሁ፣ ባንዱ የድሮ የፈረንጅ ሮክ ካሴት ሰምቶ ከተቋቋመ ወዲህ አንድ ሠርግ ላይ መጫወቱን፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይም የሙሽራዋ አባት ሶኬቱን መንቀላቸውን አቀረበ። ኻሊድ፣ ሰውዬው ጄኔሬተር የፈነዳ መስሏቸው እንጂ ጠልተውን እንዳልሆነ አስረዳ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሠርጉ እንደ ስኬት እንዲቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ሐዘንና ከበሮ
ጋሼ አስናቀው ዓመትህ ሳይወጣ ከበሮ መምታት ነውር መሆኑን አሳሰቡ። ኻሊድ፣ ከበሮው የእድሩን ድንኳን ከለበሰ "ለቅሶ እንጂ ሙዚቃ አይባልም፣ ጋሼ" አለ። ጋሼ አስናቀው "ድንኳኑን ንካና ታያለህ!" ማለታቸው ተመዝግቧል። ከበሮው ዓመቱን ሙሉ ሐዘን እንዲቀመጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ የጊታሪስት ቦታ
ስንታየሁ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ማስታወቂያ እንለጥፍ አለ። ጸሐፊው "በወንድሜ ቦታ ማንም አይቆምም!" ብሎ ሲነሳ የሰባት ድስት ክምር ናደ። ድስቶቹ እስኪለቀሙ ስብሰባው ተቋረጠ።
"እንግዲያው አንተ ተጫወት" አለ ስንታየሁ።
ጸሐፊው ሦስት ኮርድ ብቻ እንደሚያውቅ አስታወቀ።
"መስፍንስ ስንት ነበር የሚያውቀው?"
"አራት።"
"በቃ፣ አንድ ነው የጎደለህ።"
ጸሐፊው እምቢ ስላለ ባንዱ እንዲፈርስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ልዩ ልዩ
ሊፈረም ሲል ጋሼ አስናቀው፣ "እኛ እድር ውስጥ ደንብ ሳይነበብ ድስት እንኳ አይወጣም" ብለው አንተ ያረቀቅከውን ደንብ አስነበቡ። ጊታሪስቱ ያልፈረመበት ውሳኔ አይጸናም ይላል። ስለሆነም ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ መፍረሱም ጭምር፣ ጊታሪስት ተገኝቶ እስኪፈርም ድረስ ተሽሯል። ሦስቱም ወደ ጸሐፊው ዞረው ማየታቸው ተመዝግቧል። በአሥራ አንድ ሰዓት ተበተንን።

ከቀብርህ ጀምሮ እኛ ክፍል ሲያድሩ የነበሩት አክስታችንና ልጆቿ ያን ማታ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ ጊታርህን ከግድግዳው አወረድኩ፣ ሰካሁት፣ መታሁት። እማዬ አንተ ስትጫወት ታደርግ እንደነበረው ግድግዳውን ደበደበችና "ኧረ ቀንሰው!" አለች። ቆየት ብላ፣ ቀስ ብላ፣ "ተወው፣ ተወው" ስትል ሰማኋት።

እኔም አልቀነስኩም።