የጋሽ አይጣልም ጦርነት ከዓለም ፋብሪካዎች ጋር

ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ስጠብቅ ዝናብ መጣ። አጠገቤ የቆመች አንዲት የማላውቃት ሴት ጃንጥላዋን ብትዘረጋው ሽቦው ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጡ። ከኪሳቸው ፒንሳና ቁራጭ ሽቦ አውጥተው፣ ዝናቡ በአንገታቸው እየገባ፣ ጃንጥላውን አስረው ሰጧት። ምስጋናዋን እንኳ አልጠበቁም። "አይጣልም" ብቻ ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ፈጣሪ በየሰፈሩ አንድ የማይጥል ሰው ያስቀምጣል ብዬ አምናለሁ። እሱ ባይኖር ሁላችንም እስካሁን በቁሻሻችን ተውጠን ነበር።

በእኛ ሰፈር ይህን ኃላፊነት የተሸከሙት እኒሁ ጎረቤቴ፣ ክቡር ጋሽ አይጣልም ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ረስቶታል። ሥራቸው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ነው፤ እሳቸውን ብትጠይቋቸው ግን ሥራቸው ጦርነት ነው። ጠላታቸውም የዓለም ፋብሪካ በሙሉ።

ክዳን የሌለው ራዲዮናቸው ስለ ትልልቆቹ አገሮች የንግድ ፉክክር ማውራት ሲጀምር ብየዳቸውን ያቆማሉ።

"ማን በርካሽ ይሠራል ብለው ይፎካከራሉ። ማን የማይበላሽ ይሠራል ብሎ የተፎካከረ ሰምተህ ታውቃለህ?"

"አልሰማሁም ጋሼ።"

"አትሰማም። ሲበላሽ የሚወርደው እዚያ ነዋ" ብለው ከቤታችን ጀርባ ያለውን ወንዝ በመፍቻ ይጠቁሙኛል። ወንዝ የምንለው በትሕትና ነው፤ ከውሃው ቻርጀሩ ይበዛል። ክቡርነታቸው ቦት ጫማ አድርገው ይወርዱና "ቁስለኞች" የሚሏቸውን በጆንያ ተሸክመው ይወጣሉ።

ድል ሁልጊዜ የእሳቸው ነው አልልም። ቬንትሌተሬን ጠግነውልኝ ነፋሱን ወደ ኋላ ይተፋ ጀመር። ብነግራቸው፣ "ታዲያ አንተ ከኋላው ተቀመጥ" አሉኝ። ፀጉር አስተካካያችን ማሽኑን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያመጣላቸው፣ "ጋሼ፣ አዲሱ ከጥገናው ይረክሳል እኮ" ቢላቸው፣ "የረከሰው እሱ ነው፤ አንተ ለምን አብረህ ትረክሳለህ?" ብለው ሸኙት።

አሁን ግን ጦርነቱ ቤታቸው ገባ። አንድ ልጃቸው ልታገባ ነው። ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ በቤቷ አዲስ ዕቃ ከካርቶን ሲወጣ አላየችም፤ ከቁስለኞች ጋር ነው ያደገችው። ሶኬት ላሠራ ሄጄ ሲነጋገሩ ደረስኩ።

"አባዬ፣ ለሠርጌ የልብስ ካውያ ስጠኝ። ግን ካርቶኑን ራሴ ልክፈተው።"

"ከሦስት ካውያ አንድ ሠርቼልሻለሁ እኮ። ፋብሪካ እንዲህ ያለ አይሠራም።"

"አውቃለሁ። ሞክሬው እጄን ነዘረኝ።"

"ትንሽ ነው።"

"አባዬ።"

ወጥታ ሄደች። ክቡርነታቸው የሠሩትን ካውያ አገላብጠው አዩት፤ እኔንም አዩኝ። ሶኬቴንም ሳይጠግኑ መለሱልኝ።

ወሬው እንደተሰማ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ፣ ለዓለም ፋብሪካዎች ያልተንበረከከ ሰው ለአንዲት ልጅ አይንበረከክም አለ። ፀጉር አስተካካያችን ግን ሳቀ፤ እሱም ሴት ልጅ አለችው። እኔ በበኩሌ ጋሼ እንዲሸነፉ ጸለይኩ። ከፋብሪካዎቹ ጎን መሰለፌ ሳያሳፍረኝ አልቀረም፤ ቤቴ ውስጥ የሚበራውም የሚሞቀውም በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን አባት ለልጁ ቢሸነፍ ምን ይጎድልበታል?

ትናንት አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ግራና ቀኝ አይተው ገቡ።

"ወንድሜ፣ ላስቸግርህ ነው።"

"ይዘዙኝ ጋሼ።"

"ሱቅ ግባና አንድ ካውያ ግዛልኝ። አዲስ። እኔ ከገባሁ ባለሱቁ ሰፈሩን ጠርቶ ያሳያል።"

"ምን ዓይነት ይሁን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ያልተነካ ይሁን። ካርቶኑ እንዳይከፈት፤ የምትከፍተው እሷ ናት።"

እሺ አልኳቸው። በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ፤ መዝጊያው ሲጮኽ ሰምተው ማጠፊያውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ይሉሃል" አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ። "አመስግነህ ተዋቸው። ለልጄ ዋስትናዋ እኔ ነኝ።"